ጥቂት ቀን ስጠኝ

የሉኮቫጽ ቅርጫት ኳስ ክለብ ወደ ከፍተኛው ሊግ ያለፈ ዕለት የመልበሻ ክፍሉ ወለል በቢራ ጨቅይቶ ነበር። ተጫዋቾቹ አሰልጣኙን ከነሙሉ ልብሱ ሻወር ስር አስገብተው ሲጨፍሩ የክለቡ የስፖርት ዳይሬክተር ቭላስቲሚር ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ያለቅሳል። አጠገቡ የቡድኑ አምበል ኦብራድ እግሮቹን በበረዶ ባልዲ ነክሮ ተቀምጧል። እሱም ያለቅሳል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ገና ጺም ሳያበቅል ጀምሮ ለዚህ ክለብ ኳስ ሲያከፋፍል ኖሮ፣ ከፍተኛውን ሊግ በቴሌቪዥን እንጂ በእግሩ ረግጦት አያውቅም።

«አበልጄ፣ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ» አለ ኦብራድ።

«የምን ሞት አመጣህብኝ? ገና ቤልግሬድ ወርደህ እነዚያን የከተማ ቅምጥሎች ታስለቅሳቸዋለህ። አንተ የሌለህበት ቡድን እኔ በሕይወት እያለሁ አይሠራም።»

ይህን ያለው አፉን ሞልቶ ነው። በዚያች ሰዓት ከልቡም ነበር።

ቭላስቲሚር የኦብራድ ሚዜ ነበር፤ ከሚስቱ ከዳኒጻ ጋር ጋብቻቸው ሲባረክ ከመቅደሱ ፊት ሻማ ይዞ የቆመው እሱ ነው። ልጃቸው ኢስክራ ስትወለድም ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። በሉኮቫጽ ወንድም ከወንድሙ ሲጣላ ሰው ይስቃል። አበልጅ ከአበልጁ ተጣላ ሲባል ግን አሮጊቶቹ ያማትባሉ።

የደስታው ሞቅታ በረደና የሥራው ወራት ገባ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሚሎዬ የእንጆሪ ነጋዴ ነው። ከከተማው ዳር ትልቅ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለው፤ ሰኔ ሲገባ የወረዳው ገበሬ ሁሉ በትራክተሩ የለቀመውን እየጫነ በሩ ላይ ይሰለፋል። የቀጣዩ ዓመት ቡድን ምን እንደሚመስል ለመወሰን የተጠሩትም ወደዚያው መጋዘን ነው። ቢሮው ውስጥ ሚሎዬ፣ አሰልጣኙ ዴስፖትና ቭላስቲሚር ሆነው ተቀመጡ። ከውጭ የትራክተር ጩኸት ይሰማል።

ማን ይቆያል፣ ማን ይሰናበታል የሚለው ነገር ብዙም አላከራከራቸውም። ሁለቱ ረጃጅሞች ይቆያሉ። ከኡዢጼ ከተማ የመጣው ልጅ ውሉ ይታደሳል። ኳስ አከፋፋዩ ላይ ሲደርሱ ዴስፖት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«እኔ ኦብራድን እወደዋለሁ» አለ። «ብወደውም ግን ጉልበቱን አይቼዋለሁ። ከፍተኛው ሊግ ላይ ፈጣን ልጅ ፊቱ ሲደቀንበት ኳሱን ይዞ መሃሉን አይሻገርም። ሁለቴ ሦስቴ ስንሸነፍ ሕዝቡ መጀመሪያ የሚሰድበው ማንን ይመስላችኋል? እሱን። ከዚያ እኔን።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች ሆኖ ይያዝ» አለ ቭላስቲሚር። «ወንበር ላይ ይቀመጥ። ልጆቹን ያረጋጋልሃል።»

«አምበሉን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አዳራሹ በሙሉ ስሙን ሲጠራብኝ ልዋል? በእሱ ፈንታ አንተ አሰልጥን።»

ሚሎዬ እስከዚያ ድረስ ከሳህን ላይ እንጆሪ እያነሳ ይበላ ነበር። ጣቱን በሶፍት ጠረገ።

«ስማኝ ቭላስታ። እኔ እንጆሪ ነጋዴ ነኝ። እንጆሪ ዛሬ ቢቀላ ነገ ውሃ ነው። ያ ማርኬል የሚባለው አሜሪካዊ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወኪሉ እሺ ብሏል። ሌላ አንድ ልጅ ደግሞ ከቤልግሬድ በውሰት እናመጣለን። ኦብራድ አበቃለት። እኔም አዝናለሁ፣ ግን ሐዘን ቡድን አያቆምም።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

«ማን ስጥ አለህ?» አለ ሚሎዬ፣ ሳይቆጣ። «አሁንም ራስህ ንገረው። አበልጁ ነህ፤ ከሌላ አፍ ከሚሰማው ካንተ ይስማ።»

በማግስቱ ቭላስቲሚር ሊነግረው ወጣ። የሚናገረውን መንገድ ላይ ሲያሰናዳ፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲያሰናዳ ኮረብታው ላይ ደረሰ። የኦብራድ አባት ማሳ ላይ ለቀማው ደርቷል። ኢስክራ አፏና አገጯ ቀልቶ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ኦብራድም ከረድፎቹ መሃል ቀና አለ፤ ከስቷል፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ያበራል።

«እየኝ እንጂ» አለና ሸሚዙን ገልቦ ሆዱን መታ። «በየማለዳው ይህን ዳገት እሮጠዋለሁ። ዴስፖት ሲያየኝ በእሱ ፈንታ ታናሽ ወንድሙን ላከ ወይ ይላል።»

ከዋርካ የሚተካከል የዋልነት ዛፍ ስር ምሳ ቀረበ። አይብ፣ ቲማቲም፣ የቀዘቀዘ የአሳማ ጥብስ፣ የፕሪም አረቄ። የኦብራድ ሚስት ዳኒጻ መሃረቧን እያስተካከለች ከቭላስቲሚር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የለቀማ ሰሞን ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። ነገር ፈጥኖ የሚገባት ሴት ናት፤ ቭላስቲሚር ዓይኗን ሸሸ።

«ከድሪና ወንዝ ማዶ ካለው ክለብ ደወሉልኝ» አለ ኦብራድ ዳቦ እየቆረሰ።

«ማን? አለቃቸው ጎይኮ?»

«እሱ ራሱ። ሁለት ዓመት እንድጫወት፣ ከዚያ ታዳጊዎቹን እንዳሠለጥን ይፈልጋል። ይቺ ደግሞ ሂድ ሂድ ትለኛለች።»

«ሂድ አላልኩም» አለች ዳኒጻ። «የጨበጡት ይሻላል ነው ያልኩት። ቅርብ ነው፤ ሥራውም ከኳስ በኋላ የሚቀጥል ነው።»

«እኔ ደግሞ አበልጄ ቃል ሰጥቶኛል አልኳት። የሕይወቴን ምኞት ደጄ ላይ ካደረሰልኝ በኋላ ድሪናን ተሻግሬ ምን እሠራለሁ? ጎይኮ እስከ ዓርብ መልስ ስጠኝ ብሏል።» ወደ ቭላስቲሚር ዞረ። «አንተስ? ምን ልበለው?»

እዚህ ላይ ነው ሰውየው መናገር የነበረበት። አጋጣሚው ራሱ ከፊቱ መጥቶ ቆሞለት ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ልጅቱ ግን ጭኑ ላይ ተቀምጣ የሸሚዙን ቁልፍ ትነካካለች፤ ሽማግሌው አባት አረቄ ይቀዳሉ፤ የኦብራድ ዓይን እንደ ሙሽራ ዓይን ያበራል። 

«አትቸኩል» አለ ቭላስቲሚር። «ጥቂት ቀን ስጠኝ።»

ኦብራድ ፈገግ ብሎ ሚስቱን አያት። «ሰማሽ?»

ዳኒጻ ቭላስቲሚርን ትክ ብላ አይታው ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ሲመለስ መኪናው ውስጥ፣ አልዋሸሁም እያለ ራሱን ያጽናናል። አልዋሸም፣ እውነት ነው። ሚሎዬን ላሳምነው እችላለሁ ብሎም አስቦ ነበር። ሐሙስ ዕለት መጋዘኑ ሄደ። ሚሎዬ በዚያን ቀን ከጀርመን ገዢዎች ጋር ተስማምቶ ልቡ ረክቷል፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «እስቲ እናያለን፣ እናያለን» አለው። ሰው መስጠም ሲጀምር ገለባ ይጨብጣል። ቭላስቲሚርም ይህችን «እናያለን» ጨብጦ ቤቱ ገባ።

«ነገርከው?» አለችው ሚስቱ ግሮዝዳና።

«ሚሎዬ እየለሰለሰ ነው። ምናልባት መንገር ላያስፈልግ ይችላል።»

«ሚሎዬ በሕይወቱ ለስልሶ ያውቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው ቭላስታ። ዛሬ ደውልለትና ‹ጎይኮን እሺ በለው› በለው። ይከፋዋል፣ ይሰድብሃል፣ ያልፋል።»

«ነገ።»

ዓርብ ጠዋት ደዋዩ ኦብራድ ሆነ። ድምፁ ቀለል ያለ ነው።

«ጎይኮን አመስግኜ እምቢ አልኩት። በጨዋ ደንብ ነው የነገርኩት፣ አልተቀየመኝም። አሁን እጄ ባዶ ነው አበልጄ፤ አንተን ብቻ ነው የያዝኩት» ብሎ ሳቀ።

ቭላስቲሚር ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ መስኮቱ ጋ ቆመ። ኧረ ተው፣ አሁኑኑ ለጎይኮ መልሰህ ደውልለት ማለት ነበረበት። «እሺ» ብቻ አለና ተሰናበተው።

የማርኬል ፊርማ የተረጋገጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የውሰቱም ልጅ ወረቀት ከቤልግሬድ መጣ። ሚሎዬ ስለዚያች «እናያለን» ሲጠየቅ አላስታወሳትም። «ምን ብዬ ነበር?» አለ ከልቡ ግራ ተጋብቶ። ዜናው ለጋዜጠኞች ከመነገሩ በፊት ቭላስቲሚር ሁለት ቀን ለመነ፤ ተሰጠው። ያን ጊዜም ግን ወደ ኦብራድ አልሄደም። መኪናውን አስነስቶ ድሪናን ተሻገረ።

ጎይኮን ወንዙ ዳር ካለች ምግብ ቤት ተቀምጦ ዓሣ እየበላ አገኘው። ሁለቱ በወጣትነታቸው ተቃራኒ ሆነው ተጫውተዋል፤ አንዱ የሌላውን አፍንጫ በክርን ሰብሮ ያውቃል። ጎይኮ ከርቀት አይቶት ሹካውን አነሳ።

«ኧረ ጌቶች መጡ! የከፍተኛ ሊግ ሰው ወደ ድሆች መንደር? ተቀመጥ፣ ዓሣ ብላ። እኛ ዘንድ አሁንም ዓሣ ይበላል።»

«ስለ ኦብራድ ነው የመጣሁት።»

«ኦብራድማ እምቢ አለኝ። እንደ ልዑል ነው እምቢ ያለኝ፣ ቅር እንኳ ማለት አልቻልኩም። አበልጄ ቃል አለው አለኝ።» ጎይኮ የዓሣ እሾህ ከጥርሱ መሃል እያወጣ አየው። ቀስ በቀስ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «አንተ። አታስፈርመውም እንዴ?»

ቭላስቲሚር ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

«አንተ ርኩስ» አለ ጎይኮ በቀስታ። «እኔ አፍንጫህን ስሰብር በፊት ለፊት ነው የመታሁህ።»

«ቦታው ካለ እለምንሃለሁ። ከደመወዙ የፈለግኸውን ቀንስበት። እሱም አያውቅም፣ ከራሴ መጥቼ ነው።»

«ትናንት አንድ የሞንቴኔግሮ ልጅ አስፈረምኩ። ታዳጊዎቹንም ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁ፤ ሚስቱ ስታለቅስብኝ ከረመች። አንድ ሳምንት ቀድመህ ብትመጣ በክብር እቀበለው ነበር።» ሳህኑን ገፋ አደረገው። «አሁን ለማን ብለህ ነው የምትለምነኝ፣ ለእሱ ነው ለራስህ?»

ቭላስቲሚር የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ተነሳ። ዓሣውንም አልበላም።

ኦብራድን ያገኘው አዳራሹ ውስጥ ነው። በበጋ አዳራሹ ባዶ ነው፤ የጎን በሮቹ ተከፍተው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ኦብራድ ብቻውን ኳስ ወደ ቅርጫት መወርወር ይለማመዳል። ሲገባ አየውና ኳሷን ወረወረለት። ቭላስቲሚር ያዛትና እዚያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ እንደጀመረ ራሱም አያስታውስም። ስለ ዴስፖት ተናገረ፣ ስለ ጉልበት ተናገረ፣ ስለ ማርኬል ተናገረ፣ ሲሟገት እንደከረመ ተናገረ። ኦብራድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እስኪጨርስ አዳመጠው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለ።

«መጀመሪያ ላይ የታሰበው…»

«መቼ ነው ያወቅኸው ነው ያልኩህ። ማሳ ላይ የመጣህ ቀን ታውቅ ነበር?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ቭላስቲሚር ግን የቀረችው እውነት ይህች ብቻ ስለሆነች አልደበቃትም።

«አውቅ ነበር።»



«ዳኒጻ ፊትህን አይታ ነበር» አለ ኦብራድ። «ከሄድክ በኋላ ‹ይህ ሰው ደህና ነገር አልያዘም› አለችኝ። ተቆጣኋት። በአበልጄ ላይ ክፉ አትናገሪ ብዬ አስለቀስኳት።»

«ኦብራድ፣ እኔ ልነግርህ ነበር የመጣሁት። ልጅቷ ጭኔ ላይ ስትቀመጥ…»

«ልጄን ተዋት።»

ኳሷን ከእጁ ተቀበለውና ወደ መደርደሪያዋ ሄዶ አስቀመጣት። ጫማውን ለወጠ፤ ቦርሳውን አነገተ። ሲወጣም በሩን ድርግም አላደረገውም። ቢሳደብ፣ ቢገፈትረው፣ ቢተፋበት ቭላስቲሚር የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ ተንበርክኮ ይለምን ነበር። እንዲህ ላለው ዝምታ ግን ምን ይደረጋል?

ከዚያ ኦብራድ ወኪሉን ማስደወል ጀመረ። ሐምሌ አልቆ ነበር። የኒሽ ክለብ ቦታ የለም አለ፣ የኖቪ ፓዛር ክለብ ወጣት እንፈልጋለን አለ፣ መቄዶንያ ያለ አንድ ክለብ እንደውልልሃለን ብሎ ቀረ። ቭላስቲሚርም በጎን ያልደወለለት ሰው የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጡት፦ ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ዘገያችሁ። በነሐሴ መጨረሻ ኦብራድ የዳኒጻን ወንድም ተከትሎ ኦስትሪያ ገባ። ወንድምየው ሊንዝ ውስጥ ግድግዳ ይለስናል። ረጅም ሰው ለኮርኒስ ልስን መሰላል አያስፈልገውም እያለ ይቀልድበት ነበር አሉ።

ትምህርት ሲከፈት ቭላስቲሚር ለኢስክራ እንደ ወጉ ቦርሳ ገዝቶ ቤታቸው ሄደ። ዳኒጻ እስከ አጥሩ በር መጥታ ተቀበለችው። አመሰገነችው። ግባ አላለችውም። ልጅቱ ከመስኮት መጋረጃውን ገልጣ አየችውና እጇን አነሳች፤ ከውስጥ የሆነ ሰው ሳይጠራት አልቀረም፣ መጋረጃው ወደቀ።

«ከባሏ ጋር ልትሄድ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አለ ቭላስቲሚር፣ ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ ይመስል።

«ቤት ሲገኝ» አለች ዳኒጻ።

«ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ለአንተማ ይሻልህ ነበር» አለች። ቦርሳውን ይዛ ገባች።

ውድድሩ ተጀመረ። ማርኬል መልካም ልጅ ሆኖ ተገኘ። በየጠዋቱ ቭላስቲሚርን በተሰባበረ ሰርብኛ «እንደምን አደርክ አለቃ» ይለዋል፤ የመንደሩን ልጆች ኳስ ያስተምራል፤ ለእናቱ በየቀኑ ይደውልላታል። የሚጠላበት ነገር የለውም። ሲጫወትም ዴስፖት ልክ ነበር፤ መሃሉን እንደ ንፋስ ያልፈዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ ሕዝቡ የኦብራድን ስም እየጠራ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰካራሞች ብቻ ጠሩት። ቅዝቃዜው ሲገባ የማርኬልን ስም የሚጠራ ዘፈን ወጣ፤ ዜማው ያው የኦብራድ ነው።

በኅዳር ሚሎዬ አንድ ሐሳብ አመጣ። የኦብራድን ማሊያ አዳራሹ ጣሪያ ላይ እንስቀለው፣ ሰው ይደሰታል፣ እሱም ይመጣል፣ አበባ እንሰጠዋለን አለ። «ደውልለት» አለው ቭላስቲሚርን፣ ቢሮው በር ላይ ቆሞ።

ቭላስቲሚር ደወለ። ስልኩ ቆይቶ ተነሳ። ከበስተጀርባ የሲሚንቶ መቀላቀያ ይሽከረከራል።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ። ቭላስታ።»



«እንደምን ሰነበቱ፣ አቶ ቭላስቲሚር?»

ቭላስቲሚር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በላይ አንተ ሲባባሉ ኖረዋል።

«አበልጄ፣ እባክህ…»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ለምን ነበር የፈለጉኝ?»

ስለ ማሊያው ነገረው። ኦብራድ አላቋረጠውም። በመጨረሻ ክለቡን እንደሚያመሰግን፣ ከሥራ መቅረት እንደማይችል፣ ማሊያውን ከፈለጉ ሊሰቅሉት እንደሚችሉ በጥሩ አንደበት ተናገረ። «ለወይዘሮ ግሮዝዳናም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ» አለ። «እርስዎም ጤናዎን ይጠብቁ።»

«ኢስክራስ? እዚያ ገብታ ሰርብኛዋን እንዳትረሳ…»

«ደህና ናት። እግዜር ይስጥልኝ።»

መቀላቀያው ጸጥ አለ። ስልኩ ተዘግቶ ነው።

«እህስ፣ ይመጣል?» አለ ሚሎዬ ከበሩ ላይ።

«አይመጣም።»

«እንግዲያው ሳይመጣ እንሰቅለዋለን። ለቅዳሜ አበባውን አዘናል።»

ቅዳሜ ሰቀሉት። አበባውን የወሰዱት የኦብራድ አባት ናቸው፤ ሽማግሌው በትልቁ አዳራሽ መሃል ቆመው ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ነበር። ሕዝቡ ተነስቶ ቆመ፤ ማርኬልም ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ አጨበጨበ። ቭላስቲሚርም ከክቡር እንግዶች ረድፍ ተነስቶ እንደ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ሲያቆሙ አብሮ አቆመ። ዳኛው ፊሽካ ነፋና ጨዋታው ተጀመረ።